ማየት የተወው ዓሣና ከላይ የሚወርድበት ጉድ

ቴክሳስ ውስጥ ሳን አንቶኒዮ የምትባል ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚኖርባት ከተማ አለች። የዛ ሁሉ ሰው ቤት፣ አስፋልትና ሱቅ ካለበት ስር ከ300 እስከ 600 ሜትር ብትወርዱ ውሃ በሞላው የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ዓይን የሌላቸው ሁለት የአምባዛ ዝርያዎች ይኖራሉ። አንዱ ጥርስም የለውም። ሌላኛው አፈ ሰፊ ነው፣ እሱን ደሞ በ1947 ሳይንሳዊ ስም ሲያወጡለት የመጀመሪያ ስሙን "ሳታን" አሉት፣ ቀልዴን አይደለም፣ ከጥልቁ ስለመጣ ይመስለኛል እንጂ ምስኪኑ ያደረገው ነገር የለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

እነዚህን ዓሦች በቤታቸው ያያቸው ሰው የለም። አንድም። መኖራቸው የታወቀው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈርና ውሃው በራሱ ግፊት ወይ በፓምፕ ወደ ላይ ሲፈናጠር አብረው ስለሚወጡ ነው። የቧንቧው አፍ ላይ መረብ ታስሮ ይጠበቃል፣ ከዛ ከጣት ብዙ የማይረዝም፣ ነጭ ሆኖ ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ ደሙ በቆዳው በኩል የሚታይ ነገር መረቡ ላይ ይገኛል፣ ከዛ ጥልቀት በአንዴ ተስቦ ስለሚወጣ ደሞ ብዙ ጊዜ ሞቶ ወይ ሊሞት ትንሽ ሲቀረው ነው የሚደረስበት። ከተማው ውሃ በሳበ ቁጥር ስንቱ አብሮ እንደተሳበ መረብ ካላሰሩ ማንም አይቆጥረውም። በ2023 የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ሁለቱንም ሊጠፉ የተቃረቡ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ለማስገባት ሐሳብ ሲያቀርብ ዋናው ስጋት ተብሎ የተጠቀሰው ይሄው ነው፣ ፓምፑ።

ስለ ዋሻ ዓሣ ሲወራ ሁሉም ሰው የሚጓጓው ስለ ዓይኑ ነው፣ እኔም ብሆን መጀመሪያ የሳበኝ እሱ ነበር፣ አልዋሽም። ስለዚ ከዓይኑ እንጀምርና ወደ ፓምፑ እንመለሳለን።

ብዙ ሰው "ስላልተጠቀመበት ጠፋ" ብሎ ያልፈዋል። እንደዛ አይሰራም። እጁ በጀሶ ታስሮ ስድስት ወር የከረመ ሰው ክንደ ቀጭን ልጅ አይወልድም፣ አለመጠቀም ብቻውን ወደ ልጅ አይተላለፍም። ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ይሄን ለማወቅ ከሁሉም በላይ የጠቀመው ሜክሲኮ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ዓሣ ነው። በ1936 ኩዌቫ ቺካ ከሚባል ዋሻ ወጥቶ ነው በሳይንስ የተመዘገበው፣ ዛሬ 30 ገደማ ዋሻዎች ውስጥ እንዳለ ይታወቃል፣ የሚገርመው ነገር ግን እዛው አካባቢ ከውጪ ባሉት ወንዞች ውስጥ ያው ራሱ ዝርያ ዓይኑን ይዞ፣ ብርማ ቀለሙን ይዞ ይዋኛል። የውጪውና የዋሻው ይዋለዳሉም። ለተመራማሪ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለም፣ አንድ ቤተሰብ ሆኖ ግማሹ የሚያይ ግማሹ የማያይ በሉት።

የዋሻው ዓሣ እንቁላል ውስጥ እያለ ዓይን መስራት ይጀምራል። ልክ እንደ ውጪው ዘመዱ ሌንሱም ሬቲናውም (ብርሃን የሚቀበለው የዓይኑ የኋላ ክፍል) ይጀመራል፣ ከዛ ሌንሱ ውስጥ ያሉት ሴሎች መሞት ይጀምራሉ፣ ሌንሱ ሲሞት የተቀረው ዓይን ማደጉን ያቆማል፣ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፣ ቆዳ ይሸፍነዋል። በ2000 ያማሞቶና ጄፈሪ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ ከሚያየው ዓሣ ጽንስ ላይ ሌንስ አውጥተው በዋሻው ዓሣ ጽንስ ላይ በአንድ በኩል ብቻ ተከሉት። ዓሣው ሲያድግ በአንድ ጎኑ ትልቅ ዓይን አወጣ፣ በሌላው ጎኑ ምንም፣ ባዶ ቆዳ። ፎቶውን ያየ ሰው አይረሳውም። ዓይን የሚሰራበት ዕውቀት አልጠፋም ማለት ነው፣ ትዕዛዙ ነው መሃል ላይ የሚቋረጠው።

ሌላም አለ። ከተለያዩ ዋሻዎች የተወሰዱ ሁለት ዓይነ ስውር ዓሦችን ሲያዋልዷቸው ከልጆቹ መሃል የሚያዩ ተገኙ! በ2008 የወጣ ጥናት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ አንዱ ዋሻ ውስጥ የተበላሸው ጂን ሌላኛው ዋሻ ውስጥ ደህና ነው፣ ስለዚ እናትየው የጎደላትን አባትየው ይሞላል። ይሄ ማለት ዓይን የጠፋው አንዴ አይደለም፣ በየዋሻው ለየብቻ በየራሱ መንገድ ነው የጠፋው።

ግን ለምን ይጠፋል? ቢኖር ምን ይጎዳል? ይጎዳል። ዓይን ውድ ነገር ነው። በ2015 ሲለካ አንድ ግራም የምትመዝን ትንሽ ዓሣ ዝም ብላ ቆማ ከምታወጣው ኢነርጂ 15 በመቶ ያህሉ ለማየት ስራ የሚሄድ ሆኖ ተገኘ፣ አደግ ስትል ወደ 5 በመቶ ይወርዳል። ሬቲና ደሞ ባህሪው ግራ የገባ ነው፣ ብርሃን ሲኖር ሳይሆን ጨለማ ውስጥ ነው የበለጠ የሚበላው። ስክሪኑ የማይጠፋ ስልክ ይዞ ቻርጅ የሌለበት ቦታ እንደመግባት አስቡት። ለሳምንታት ምግብ ላይገኝ በሚችልበት ቦታ ያን የሚጥል ይተርፋል፣ የሚሸከም ይሞታል። በዛ ላይ ጽንሱ ውስጥ ሌንሱን ወደ ሞት የሚገፋው የኬሚካል መልዕክት ራሱ መንጋጋውን ያሰፋል፣ ምግብ የሚቀምስበትን የስሜት ነጥብም ያበዛል። ዓይኑን ሰጥቶ ምላስ ገዛ በሉት፣ ጥሩ ንግድ ነው ያን ቦታ ላለ ሰው። እነዚሁ ዓሦች የደም ስኳራቸው ከፍ ያለ ነው፣ ኢንሱሊን የሚቀበለው ጂናቸው ላይ ያለው ሚውቴሽን ሰው ላይ ሲሆን ከባድ በሽታ የሚያመጣ ዓይነት ነው፣ እነሱ ግን ወፍረው ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ። የስኳር ሕመም የሚያጠኑ ሰዎች ጭምር ናቸው አሁን የሚያጠኗቸው።

ወደ እኛ ቀጠና ስንመጣ የሶማሊያው ዓሣ አለ፣ ለኔ ከሁሉም የሚገርመኝ እሱ ነው። ማዕከላዊ ሶማሊያ በረሃው ስር፣ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ይኖራል፣ በ1924 ጣልያኖች ናቸው የመዘገቡት፣ ሳይንቲስቶቹ ፍሬአቲክቲስ አንድሩዚ ይሉታል። ዓይን የለውም፣ ቅርፊት የለውም፣ ቀለም የለውም። የፀሐይ ብርሃን ካየ ዘሩ ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ከሜክሲኮው ጋር ሲነጻጸር የሜክሲኮው ትናንት የገባ ጀማሪ ነው።

እንደሚታወቀው እኛም ዓሣውም ሰውነታችን ውስጥ ሰዓት አለ፣ በቀንና ሌሊት የሚሞላ። ዓሣ ላይ ደሞ ዓይን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ አካል ሴል ራሱ ብርሃን እየተቀበለ ሰዓቱን ያስተካክላል። የጣልያንና የጀርመን ተመራማሪዎች በ2011 ይሄን የሶማሊያ ዓሣ ሲፈትሹት ሰዓቱ አልጠፋም፣ ግን በብርሃን መሞላት አቁሟል፣ አብሩ አጥፉ ምንም አይመስለው። ምግብ በተወሰነ ሰዓት ሲሰጡት ግን ሰዓቱ ነፍስ ይዘራል። ዙሩ ደሞ 24 ሰዓት አይደለም፣ 47 ሰዓት ገደማ ነው። ለሱ አንድ "ቀን" የእኛ ሁለት ቀን ሊሞላ ምንም አልቀረውም ማለት ነው! በ2018 ደሞ ሌላ ነገር ጨመሩ፣ ብዙ ፍጥረት በፀሐይ ጨረር የተጎዳ ዲኤንኤውን ያንኑ ብርሃን ተጠቅሞ የሚጠግንበት መንገድ አለው፣ ይሄ ዓሣ እሱንም ጥሎታል። በነገራችን ላይ እኛ ሰዎችም ያ የጥገና መንገድ የለንም፣ አጥቢ እንስሳት በጥንት ዘመናቸው ለረጅም ጊዜ የሌሊት ኑሮ ስለኖሩ ይሆናል የሚል ግምት አለ፣ ከዓሣው ጋር በዚህ እንኳን ዘመዳሞች ነን።

እንግዲህ እዚህ ድረስ ያለው ገራሚው ክፍል ነው። አሁን አንድ ቀላል ጥያቄ ልጠይቅ፣ ይሄ ዓሣ ምንድነው የሚበላው?

ብርሃን ከሌለ ተክል የለም፣ ተክል ከሌለ ምግብ የሚጀምርበት ነገር የለም። ከጥቂት ለየት ያሉ ዋሻዎች በቀር የዋሻ ዓሣ ቀለብ ከላይ ነው የሚመጣው። ጎርፍ ይዞት የገባ ቅጠል፣ የበሰበሰ እንጨት፣ የሌሊት ወፍ ኩስ፣ በዛ ላይ የሚያድጉ ጥቃቅን ነፍሳት፣ እነሱን የሚበሉ ሽሪምፕ መሰል ነገሮች፣ ከዛ እሱ። ውሃውም ከላይ፣ ኦክስጅኑም ከላይ። ማለቴ ዓሣው ዋሻ ውስጥ ያድር እንጂ የሚኖረው ከላይ ባለው መሬት ነው። ማሳው፣ መንገዱ፣ መጸዳጃ ቤቱ፣ ፋብሪካው ያለበት መሬት የሱ ግጦሽ ነው። ጥበቃ ሲባል ሰው የሚያስበው የዋሻውን አፍ በብረት በር መዝጋት ነው፣ እሱም ይጠቅማል፣ በተለይ የሌሊት ወፎቹን ሰው እንዳይረብሻቸው፣ ግን ለዓሣው የዋሻው አፍ ምኑም አይደለም።

ከአላባማ የመጣ አንድ ምሳሌ አለ ይሄን በደንብ የሚያሳይ። ኪ ኬቭ የሚባል ዋሻ ውስጥ ብቻ፣ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኝ ዓሣ አለ፣ በ1974 ነው የተመዘገበው። ቁጥሩ በጠቅላላ ከ100 በታች ሳይሆን አይቀርም ነው የሚባለው፣ ገብተው ሲቆጥሩ በአንድ ጉብኝት ከ10 በላይ አይታይም። በ1997 መንግሥት መጠበቂያ ቦታ ሲያቋቁምለት የገዛው ምን መሰላችሁ፣ ከላይ ያለውን የእርሻ መሬት ነው፣ ወደ 430 ሄክታር የሚጠጋ። ማሳው ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ ነበራ ዝናብ ሲመጣ ቀጥታ ዓሣው ላይ የሚወርደው። ይሄ ነገር የገባው ሰው ነው ያን የወሰነው፣ አድናቆቴን ነው የምገልጸው።

ለምን ቀጥታ ይወርዳል የሚል ካለ፣ የኖራ ድንጋይ መሬት እንደ አሸዋ አያጣራም። አሸዋ ውስጥ ውሃ ቀስ እያለ፣ እየተጣራ ነው የሚወርደው፣ እዚህ ግን ዝናቡ ለሺህ ዓመታት ድንጋዩን እያሟሟ ቦይ ሰርቶበታል፣ ስለዚ ላይ የፈሰሰው ነገር በሰዓታት ወይ በቀናት ውስጥ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይወጣል። ጀርመን ውስጥ ዳኑብ ወንዝ አንድ ቦታ ላይ መሬት ውስጥ ይሰምጣል። በ1877 የሚሰምጥበት ቦታ ላይ ብዙ ጨውና 10 ኪሎ የሚያበራ አረንጓዴ ማቅለሚያ ደፉበት፣ ከ60 ሰዓት ገደማ በኋላ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለው የአኽ ምንጭ ጨው ጨው የሚል አረንጓዴ ውሃ አፈለቀ። ታሪኩ እዚህ አያበቃም፣ በ2015 አንድ ጠላቂ ዋናተኛ እዛው ከምንጩ ጀርባ ያለው የመሬት ውስጥ ቦይ ውስጥ ገብቶ ለየት ያለ ፈዛዛ ዓሣ አየ፣ አውሮፓ ውስጥ የተገኘው የመጀመሪያው የዋሻ ዓሣ እሱ ሆነ፣ በረዶው ዘመን ካለፈ ወዲህ የገባ ስለሆነ ከ20 ሺህ ዓመት አይበልጥም፣ ዓይኑ ትንሽ ሆኗል እንጂ ገና ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። እስከዛ ጊዜ ድረስ ሰው በዛ ምንጭ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ሲመራመር ዓሣው ከውስጥ ነበር።

ይሄ ፍጥነት ክፉ ቀን ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ በ1981 ሚዙሪ ላይ ታይቷል። ፈሳሽ ማዳበሪያ የሚያስተላልፍ ቧንቧ ፈነዳ፣ ማዳበሪያው ወንዝ ውስጥ ገባ፣ ወንዙ ደሞ መሬት ውስጥ የሚሰርግ ዓይነት ነው፣ ከቀናት በኋላ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለው የማራሜክ ምንጭ ኦክስጅኑ ተሟጦ የሞቱ ዓይነ ስውር ዓሦችና የዋሻ ክሬይፊሾች (ሸርጣን መሰል ፍጥረቶች) ይተፋ ጀመር። ሰው እዛ ውስጥ ያን ያህል ፍጥረት እንዳለ ያወቀው ሬሳቸው ሲወጣ ነው። እንደ ሳን አንቶኒዮው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበው ደሞ ዓሣው ተሎ የሚተካ አለመሆኑ ነው። ምግብ በሌለበት ቦታ የሚያዋጣው ኑሮ ዘገምተኛ ኑሮ ነው፣ ቀስ ብሎ ማደግ፣ ረጅም መኖር፣ ጥቂት እንቁላል መጣል። ኬንታኪና ኢንዲያና ያሉት ዝርያዎች እናትየዋ እንቁላሎቿን ስንጥቧ ውስጥ ይዛ ለወራት ትሸከማቸዋለች። (የነሱ ፊንጢጣ ደሞ ጉሮሯቸው ስር ነው ያለው፣ ሲያድጉ ነው ወደፊት የሚመጣው፣ ለምን እንደሆነ ከዚህ ከስንጥቡ ነገር ጋር ያያይዙታል፣ እንቁላሉም እዛው በኩል ስለሚወጣ መንገዱ ያጥራል።) ጨለማውንና ረሃቡን ያሸነፈበት ዘዴ ራሱ ነው እንግዲህ አንድ ቧንቧ ሲፈነዳ መልሶ እንዳይነሳ የሚያደርገው።

ወደ ፓምፑ እንመለስ። እንደ የተባበሩት መንግሥታት የ2022 የውሃ ሪፖርት በዓለም ላይ ለቤት ውስጥ አገልግሎት ከሚወጣው ውሃ ግማሹ፣ ለመስኖ ከሚውለው ሩብ ያህሉ የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ይሄ ቁጥር ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች የሚሄድ አይመስልም፣ ዝናቡ ሲዛባ ሰው የሚሮጠው ወደ ጉድጓድ ነው፣ ማንም አይፈረድበትም። ችግሩ ሕጉም ሰውም የከርሰ ምድር ውሃን እንደ ታንከር ነው የሚያየው፣ ምን ያህል አለ፣ ማን ይውሰድ፣ በቃ። ውስጡ የሚኖር አለ ወይ የሚለው ጥያቄ አይነሳም። ተነስቶ የሚያውቅበት አንድ ዝነኛ ቦታ አለ፣ ኔቫዳ ውስጥ ዴቭልስ ሆል የሚባል ውሃ የሞላው ዋሻ። እዛ ያለው ዓሣ ዓይን አለው፣ የሚረባው ግን ውሃው አፍ ላይ ባለች አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው። አጠገቡ ያለ እርሻ ፓምፕ ሲያደርግ የውሃው ከፍታ ወርዶ ድንጋይዋ መድረቅ ጀመረች። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ በ1976 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ፓምፑ እንዲገደብ ወሰኑ። እንደዛም ሆኖ በ2013 ቆጠራ 35 ዓሣ ብቻ ነበር የቀረው። ግን ድንጋይዋ ስለምትታይ፣ ዓሣውም ስለሚቆጠር ነው እዛ የተደረሰው። የሳን አንቶኒዮው 500 ሜትር ስር ምን ደረቀ ምን ቀረ ብሎ ዳኛ ፊት የሚያሳየው ማነው?

አንዳንዱ "ለጣት ለማታክል ዓሣ ብለህ ሰው ውሃ አይጠጣ ልትል ነው" ይላል። አልልም። እኔ የምለው ዓሣውን የሚገድለው ነገርና እኛን የሚያሳምመን ነገር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ኬንታኪ ውስጥ ሆርስ ኬቭ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ ዋናው መንገዷ ላይ ትልቅ ዋሻ አፉን ከፍቷል፣ ከስሩ ወንዝ ይፈሳል። ድሮ የመጠጥ ውሃዋንም ከሱ ነበር የምትቀዳው፣ የመጀመሪያ መብራቷንም ከሱ ነው ያገኘችው። ከዛ ሰዉ ፍሳሹን እዛው ጉድጓድ ውስጥ መልቀቅ ጀመረ፣ የወተት ማቀነባበሪያውም፣ ሌላውም ጨመረበት፣ ሽታው ከዋሻው እየወጣ መሃል ከተማውን ስለሞላ በ1943 ለጎብኚ ተዘጋ። ለአሥርት ዓመታት ሰው መንገዱ ላይ አፍንጫውን ይዞ ነበር የሚያልፈው ይባላል። ዓሦቹም ጠፉ። በ1989 አዲስ የፍሳሽ ማጣሪያ ተሰራ፣ በ1993 ዋሻው ተከፈተ፣ ማንም አምጥቶ ሳይጨምራቸው ዓይነ ስውሮቹ ዓሦችና ክሬይፊሾች ተመለሱ፣ ቆሻሻው ካልደረሰባቸው የወንዙ ቅርንጫፎች ነው ቀስ እያሉ የመጡት። ሁሉም ቦታ እንደዚህ ዕድለኛ አይሆንም፣ የኪ ኬቩ ዓሣ ለምሳሌ መሸሺያ ቅርንጫፍ የለውም።

ሌላው ተስፋ የሚሰጠኝ ሕንድ ነው። ሜጋላያ ውስጥ በ2019 ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚረዝም የዋሻ ዓሣ መገኘቱ ይፋ ሆነ፣ ከሚታወቁት ሁሉ ትልቁ ነው፣ አጥኚዎቹ ብስኩት እየፈረፈሩ ነው ያጠመዱት፣ አካባቢው ግን የድንጋይ ከሰልና የኖራ ድንጋይ የሚወጣበት ነው። ኬራላ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ እዛ ዓሣው ትንሽ ናት፣ ከ4 ሴንቲ ሜትር አትበልጥም፣ ቀይ፣ ዓይነ ስውር፣ የአምባዛ ዘመድ፣ ዋሻ ውስጥ ሳይሆን በሰው ግቢ የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትወጣው። ተመራማሪዎቹ መረብ ይዘው በመዞር ብቻ ሳይወሰኑ ሰዉን "ባልዲያችሁ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ነገር ካያችሁ ጥሩን" አሉት። ሰዉም ጠራቸው። በ2023 በዛ መንገድ አዲስ ዝርያ ተገኘ፣ ስሙን ሲያወጡላትም "የሕዝቡ" ብለው ነው ያወጡላት። ከባልዲው ውስጥ አይቶ መድፋት ትቶ የጠራቸው ሰው ባይኖር ዝርያዋ ዛሬም ስም አይኖራትም ነበር።